ሴስና 172ን በመኪና ክሪክ ማንሳት ይቻላል?

ጀማሪው፦ ሰላም ሰዎች። የሴስና 172 (ትንሿ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን) የግራ ዋና ጎማ ልንቀይር ነው። በእጃችን ያለው አንድ የመኪና ሃይድሮሊክ ክሪክ ብቻ ነው። ፍሬኑ ስር ጠፍጣፋ ቦታ አይቼ «እዚህ ጋ ባስገባውስ» ብዬ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ «መውጫው መርገጫ ይሻላል» ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?

ሽበቱ፦ ሁለታችሁም አይደላችሁም ወንድሜ። የፍሬኑ አካል አውሮፕላን ለመሸከም አልተሠራም። ቢሰነጠቅ ላታየው ትችላለህ፣ የምታውቀው አርፈህ ፍሬን ስትረግጥ ነው። መርገጫውም የሰው እግር እንጂ የአውሮፕላን ክብደት አይችልም። የ172 እግር ላይ፣ ማለትም ጎማውን የሚይዘው ብረት ላይ የሚታሰር፣ ለክሪክ ተብሎ የተሠራ መያዣ አለ፤ ማኑዋሉ ውስጥ ታገኘዋለህ። የጎደለህ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። እግሩ እንደ ባሌስትራ የሚለመጥ ብረት ነው። ክብደት ሲቀልለት ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ክሪኩም አብሮት ያዘማል። ማዝመም ሲጀምር «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብለህ እንዳትቀጥል። አውርደው፣ ክሪኩን አስተካክል፣ እንደገና አንሳ። የቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዝ፣ ውስጡ ሰው አይኑር፣ ንፋስ ባለበት ሜዳ ላይ ደግሞ ጨርሶ አትሞክረው።

ፓይፐር ወዳጅ፦ እኔ የምሠራው ፒኤ-28 በሚባለው የፓይፐር ትንሽ አውሮፕላን ላይ ስለሆነ እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። በሁለቱም ክንፎች ስር፣ ዋናው ስፓር (ክንፉን የሚሸከመው ውስጠኛ ምሰሶ) ላይ የክሪክ ቦታ አለ፤ ሁለቱን እኩል እያደረግክ ቀስ ብለህ ታነሳለህ። ግን ሚዛኑ ወደ ሞተሩ ያደላል። ስለዚህ ጭራው ከድጋፍ ጋር ይታሰርና ድጋፉ ላይ ክብደት ይጫናል፣ ወደ 250 ፓውንድ ማለትም 113 ኪሎ ገደማ። የራስህን ሞዴል ማኑዋል እይ እንጂ የኔን ቁጥር አትውሰድ።

ጀማሪው፦ ጭራው ላይ ሰው ቢጫንበትስ?

ፓይፐር ወዳጅ፦ ሰው ስልኩ ሲጠራ ይነሳል። ሲሚንቶ የሞላ በርሜል አይነሳም። ሞተር የምታወርድ ከሆነ ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል፣ ያኔ የሚወድቀው ጭራው ነው። ይሄን ደግሞ ሳታነሳው በፊት ነው ማሰብ።

ሽበቱ፦ ጭራ ከተነሳ አይቀር፣ የ172ን የፊት ጎማ ለማንሳት ብለህ የአግድም ጭራውን ጫፍ እንዳትጫን። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ግን ልክ አይደለም። ጭራው ስር ያለው ማሰሪያ ቀለበት ላይ ነው ክብደት የሚታሰረው።

ብሎኗ፦ ሁላችሁም ስለ ማንሳት ታወራላችሁ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ማውረዱ ነው። የኛው እግሩ ላይ ሾክ ያለው አውሮፕላን ነበር። ስናወርደው ሾኩ ተጣብቆ አልታጠፍ አለ፣ ጎማው መሬት ነክቷል፣ ክንፉ ግን እዚያው ከፍ ብሎ ቀረ፤ እኛም አለቀ ብለን ዞር ስንል በአንዴ ቁጭ አለ። ክንፉ ስር የረሳነው መሰላል ነበር። ቀዳዳውን ለመጠገን ሳምንት ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ሳላወርድ በፊት አውሮፕላኑን እዞረዋለሁ፣ መሰላል፣ የዕቃ ሳጥን፣ ወንበር፣ ሁሉም ይወጣል።

ደግሞ ጎማ ነው የምትቀይረው አይደል? ቸርኬው ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተያያዘ ነው። አየሩን ሙሉ በሙሉ ሳታስወጣ እነዚያን ብሎኖች ብትፈታ ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ሰው የሞተበት ነገር ነው፣ እያጋነንኩ አይደለም። መጀመሪያ አየሩ፣ ከዚያ ብሎኑ።

ጀማሪው፦ እሺ፣ ስለ አየሩ ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። መያዣውን ከሌላ ሃንጋር ተዋስን፣ ዛሬ ጠዋት ከዋናው ቴክኒሻን ጋር አነሳነው። ሽበቱ እንዳልከው ክሪኩ አዘመመ፣ ሁለት ጊዜ አውርደን አስተካከልነው። ጎማው ተቀይሯል። ኩሽኔታው ግን ግሪስ የሚባል ነገር አላየም፣ ነገ ወደ ቀኙ ልንሻገር ነው።