ካሩሶ ጎርናና ሆነብኝ፣ ሸክላው ነው ማጫወቻው? ነገ ጠዋት ሻጩ ይመጣል

ሳቢያን 7፦
አቦ ድረሱልኝ! ከቀፊራ ገበያ የጣሊያናዊውን የኦፔራ ዘፋኝ የካሩሶን 9 ሸክላ ይዣለሁ። ግማሹን ከፍያለሁ፣ ቀሪውን ሊወስድ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ይመጣል። ስምንቱ ባለ 33 (በደቂቃ 33 ዙር የሚሉት) ናቸው፣ አንዱ ወፍራምና ከባድ ነው፣ ጀርባው ላይ ምንም የለም። «ሁሉም ኦሪጅናል» ብሎኛል። አሁን ሳጫውታቸው ስምንቱም ላይ ሰውየው ከእንቅልፉ ያልነቃ ዘበኛ ይመስላል፤ ድምፁ ወፍራም፣ ዘፈኑ ይጎተታል። ተጭበርብሬ ነው? ልመልስለት?

የከዚራ ልጅ፦
ቺንጋው ላልቶ ነው። ቀይረው።

ሳቢያን 7፦
ዛሬ በአዲስ ቀይሬዋለሁ። ያው ነው።

የለገሃር ሸክላ፦
መጀመሪያ «ኦሪጅናል» የምትለዋን እናጥራ። ካሩሶ ሚላን ላይ ለግራማፎን ኩባንያ የቀዳው በሚያዝያ 1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባቡሩ ድሬ በገባበት ዓመት ማለት ነው። የሞተው ነሐሴ 1921 ነው። በማይክሮፎን መቅዳት የተጀመረው 1925 ስለሆነ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ለሸክላ የዘፈነው ቀንድ በመሰለ ጥሩምባ ውስጥ ነው። ባለ 33ቱ ሸክላ ደግሞ በ1948 ነው የመጣው። ስለዚህ ስምንቱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ከድሮው ባለ 78 የተገለበጡ ናቸው። ማጭበርበር አይደለም፣ ግን የኦሪጅናል ዋጋ አይከፈልባቸውም። በሱ ዘመን የታተመ ካለ ያ ወፍራሙ ነው። ቪክተር (የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ ነው) የሚል ከሆነ ደግሞ ጀርባው ባዶ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ኩባንያው የቀይ ማኅተም ዘፋኞቹን፣ ማለትም ታላላቆቹን፣ እስከ 1923 ድረስ የሸጠው ባንድ ገጽ ብቻ ነበር።

ሳቢያን 7፦
ጋሼ እሺ፣ ግን ለምን ይጎተታል?

የጀጎል ልጅ፦
ስምንት ሸክላ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት መንገድ አይበላሽም። ሻጩን ለጊዜው ተወው። ማጫወቻው ከየት የመጣ ነው?

ሳቢያን 7፦
የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ልኮልኝ ነው። 110 ቮልት ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የማስነሳው። ምን አገናኘው?

የጀጎል ልጅ፦
እሱን መጀመሪያ ብትጽፈው ኖሮ! ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ሄርትዙን፣ መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይነካም። የኛ መብራት 50 ሄርትዝ ነው፣ የአሜሪካ 60። ያረጁት ማጫወቻዎች ላይ ያለው ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከሄርትዙ ነው። ስለዚህ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት ወደ 27.8 ይወርዳል፣ ድምፁም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይወፍራል። ቴነር (ቀጭን የወንድ ድምፅ) የነበረው ባሪቶን (ወፈር ያለው) ይሆንልሃል።
አሁኑኑ ሞክረው። ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፍ፣ ሸክላ አስቀምጥና መርፌውን አውርድ፣ በስልክህ ሰዓት 3 ደቂቃ ቁጠር። 100 ዙር ከሆነ ደህና ነው። 83 ከሆነ ነገሩ የሄርትዝ ነው።

አሸዋ ሰፈር፦
አቦ አታካብዱ፣ ፍጥነቱን 45 ላይ አድርገው፣ ይነቃል 😂

የጀጎል ልጅ፦
45ቱም ባንተ ቤት 37.5 ነው የሚዞረው። ያኔ ካሩሶ ጫጩት ይሆናል።

የከዚራ ልጅ፦
ሸክላውንም በአልኮል ጥረገው፣ አቧራ ሲይዘው ይከብዳል።

የለገሃር ሸክላ፦
ወፍራሙን በአልኮል እንዳትነካው! የተሠራው በሼላክ (ከነፍሳት በሚገኝ ሙጫ) ነው፣ ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፤ አንዴ ካሸኸው መስመሩ ይጠፋል። የተጣራ ውሃ፣ አንዲት ጠብታ የሳህን ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ። በባለ 33 መርፌም አታጫውተው። የባለ 33 መርፌ ጫፍ 0.018 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የዚህኛው መስመር የሚፈልገው 0.076 አካባቢ ነው። ቀጭኑ መርፌ መስመሩ ወለል ላይ ወርዶ ቆሻሻውን ሲፍቅ ይውላል፣ የምትሰማውም ሹሹታ ብቻ ነው።

ሳቢያን 7፦
ቆጠርኩ። 83!!

የጀጎል ልጅ፦
በቃ፣ ሸክላዎቹ ንጹሕ ናቸው። አሁን ማጫወቻውን ገልብጠህ ሥሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። «60 ሄርትዝ» ብቻ ካለ ሞተሩ ጫፍ ላይ ቺንጋው የሚጠመጠምባት ቀለበት፣ ፑሌዋ፣ መቀየር አለባት። «50/60» ካለ አንዳንዱ ማጫወቻ ሁለተኛ ፑሌ ከሥር ታስሮለት ይመጣል፣ ፈልግ። ትራንስፎርመሩም ከባዱ፣ የብረት ልብ ያለው ይሁን፤ ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላሉ ለሞተር አይሆንም። የ60 ሞተር በ50 ሲሠራ ደግሞ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ አታስጩኸው።

ቶርኖ ቤት፦
ፑሌዋ እዚሁ ትቀረጻለች፣ ነሐስ ይዘህ ና። ግን ዝም ብሎ በ1.2 ማብዛት አይደለም፣ የቺንጋው ውፍረት ይገባበታል። ለምሳሌ ፑሌዋ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቺንጋው 0.6 ከሆነ፦ 10.6 በ1.2 ሲባዛ 12.72፣ 0.6 ሲቀነስ 12.12። አንድ አስረኛ ሚሊ ብትስት ፍጥነቱ አንድ በመቶ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚጎድለው፤ ጆሮ ያለው ሰው ይይዘዋል። ሌላው፣ የአሮጌዋን ገጽ በጥፍርህ ዳስሰው፤ ብዙ ጊዜ መሃሉ ትንሽ ያበጠ ነው። ቺንጋው እንዳይሸሽ ነው እንጂ የተበላሸ አይደለም፤ የሚቀርጸው ሰው ለጥ አድርጎ እንዳያስተካክለው ንገረው። ቀዳዳዋ ካልተማከለ ደግሞ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ያቃስታል፣ ያኔ ሌላ ጥያቄ ትጽፋለህ። የፑሌዋን የ33ና የ45 ደረጃ ለየብቻ በካሊፐር ለክተህ አምጣ።

የከዚራ ልጅ፦
ቺንጋውን በደንብ አይተኸዋል ግን?

አሸዋ ሰፈር፦
3 ሰዓት ሆነ እኮ። ሻጩ መጣ? ምን አለ?

የለገሃር ሸክላ፦
ወፍራሙን ካልፈለግከው ሻጩን ወደ እኔ ላከው።