የወደቀው ጥድ የ77ቱን ድርቅ ይነግረናል?

ጥያቄ፦ ደብረ ታቦር አካባቢ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ያለ ትልቅ ጥድ በነፋስ ወደቀ። ሲቆረጥ ክብ ክብ መስመር አየሁበት። የ77ቱ ድርቅ ይታይበት ይሆን? ቄሱ ለማገዶ ሳይፈለጥ ቶሎ ጠይቅ ብለውኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ከግንዱ ሥር አንድ ሙሉ ክብ ቁራጭ አስተርፉ! የደን ባለሙያ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ግንድ ሲፈለጥ ያመኛል። ዝናቡ ክረምት ላይ ብቻ በሆነበት አገር ጥድ ባብዛኛው በዓመት አንድ ቀለበት ይሠራል። ዝናብ ሲያንስ ቀለበቱ ይቀጥናል። በልግም በሚዘንብበት ግን በዓመት ሁለት ሊሠራ ይችላል። ቆጥሮ ብቻ መደምደም ያሳስታል፤ ከሌሎች ጥዶች ጋር ይመሳከራል።

ሌላ መልስ፦ የቀለበቱ ዓመት በራዲዮካርቦንም (በእንጨቱ ውስጥ ያለ ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት ተለክቶ) ይረጋገጣል። በፈረንጆች የ1950ዎቹና 60ዎቹ የኑክሌር ሙከራ የዚህን ካርቦን ምልክት በዛፎች ውስጥ ትቷል።

ጠያቂው፦ የቆሙትስ ይቆረጣሉ?

መልስ፦ በፍጹም! በመሰርሰሪያ እርሳስ የምታህል ናሙና ትወጣለች፤ ዛፉ ይኖራል።