ኪሮሽ የሚለው ቃል የእንግሊዝ ነው የፈረንሳይ?

የሳቢያኗ
ሰላም ድሬዎች፣ እማዬ ኪሮሽ ትሠራለች፣ ቤታችን የሶፋው የጠረጴዛው ልብስ በሙሉ የእጇ ነው፣ እኔ ደሞ ዩቲዩብ ላይ በእንግሊዝኛ እያየሁ አዳዲስ ዲዛይን እለቅምላታለሁ። ግራ የገባኝ፣ ሲጽፉት መጨረሻው ላይ «ት» አለ፣ ሲጠሩት ግን «ክሮሼ» ነው የሚሉት። ለምንድነው? ቃሉስ የማን ነው? በናታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የከዚራ ልጅ
አቦ ፈረንሳይኛ ነው! ትንሽዬ መንጠቆ ማለት ነው፣ ያቺኑ ጫፏ የታጠፈ መርፌ። ፈረንሳዮች የመጨረሻዋን «ት» ስለማይጠሯት እንግሊዞቹም ከነአጠራሩ ወሰዱት፣ ለእጅ ሥራው መጠሪያ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አካባቢ ነው። የሚገርመው ይሄንኑ ቃል በመካከለኛው ዘመንም ወስደውት ነበር፣ ያኛው ክሮቸት ሆኖ «ት»ው እየተጠራ ቀረ፣ ዛሬ የሙዚቃ ኖታ ስም ነው።

ሚስኪኑ
ጣልያን ያመጣው ቃል መስሎኝ ነበር እኮ

የከዚራ ልጅ
አይ ወንድሜ፣ ጣልያኖቹ ኡንቺኔቶ ነው የሚሉት። እሱም ትንሽ መንጠቆ ነው ግን ቃሉ ሌላ ነው።

ጀጎል
ዳንቴልም እኮ የፈረንሳይ ነው፣ ዳን ጥርስ ነው፣ ዳንቴል ትንሽ ጥርስ፣ ጠርዙን አይታችሁት ከሆነ ጥርስ ጥርስ ነው የሚመስለው፣ ወላሂ እንዴት እንደሚያምር ስያሜው። ድሬ ላይ ደሞ የፈረንሳይ ቃል ብርቅ አይደለም፣ ባቡሩ ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ነው ከተማው የተቆረቆረው፣ ለገሃሬም ከፈረንሳይኛው ላ ጋር ነው፣ ባቡር ጣቢያ።

የሳቢያኗ
ኧረ ተባረኩ! እማዬ መርፌዋን ራሱ ኪሮሽ ነው የምትላት፣ ለካ ልክ ናት። ሹራብ የሚሠራበት ኒቲንግ የሚሉትስ?

የከዚራ ልጅ
እሱ የራሳቸው የጥንት ቃል ነው፣ መቋጠር ማለት ነበር፣ ቋጠሮ ከሚሉበት ኖት ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሁለቱም ሲጻፉ ፊታቸው ላይ «ክ» አለ፣ ድሮ ትጠራ ነበር፣ አሁን በጽሑፍ ብቻ ቀረች።

እትዬ ክር
ልጄ፣ ዩቲዩብ የምታዪ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የምታሳየዋ ሴት እንግሊዝ ትሁን አሜሪካ አጣሪ። እንግሊዞቹ ደብል ክሮሼ የሚሉትን የአጠላለፍ ዓይነት አሜሪካኖቹ ሲንግል ነው የሚሉት፣ የአሜሪካው ደብል ደሞ ለእንግሊዞቹ ትሬብል ነው። ይሄን ሳታዪ ለእናትሽ ካነበብሽላት ሥራው ያለ ልኩ ይወጣና ክሩን ሁሉ ማስፈታት ነው፣ የእናትሽን ድካም አስቢው።