የአራት ወር ቡችላችን የቤቱን ዕቃ ሁሉ እያኘከ ነው፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

የሰሚቱ አባት፦

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ያለችው ውሻ ከወለደቻቸው ቡችሎች አንዱን ለአሥር ዓመት ልጄ ሰጣት። ልጄም ቦቢ ብላ ስም አወጣችለት፤ አሁን አራት ወር ሞልቶታል። የምንኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ የምንለቅበት የግል ግቢ የለንም። እኔና ባለቤቴ ከጠዋቱ 1:30 ወጥተን ማታ 11:30 እንመለሳለን፤ ልጃችን ከትምህርት ቤት የምትመጣው 9:30 ነው። ስለዚህ ቦቢ ስምንት ሰዓት ያህል ብቻውን ይውላል።

መጀመሪያ ያገኘው የልጄን የትምህርት ቤት ጫማ ነበር፤ ተረከዙን ብቻ ለይቶ በልቶ ሌላውን እንዳለ ተወው። ቀጥሎ የሶፋው እግር፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ፣ የመጋረጃው ጫፍ ተራ በተራ ተበሉ። ባለፈው እሑድ የደረሰው ግን ከሁሉም ይበልጥ አሳዝኖናል። እናቴ ለሠርጋችን በእጇ የሰፋችልንን መሶብ ከተቀመጠበት ጥግ ጎትቶ፣ የክዳኑን ጠርዝ ዙሪያውን አኝኮታል፤ አለላው ተፈትቶ፣ አክርማውና ስንደዶው ወለሉ ላይ ተበትኖ አገኘነው። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ መስፋት ካቆመች ቆይታለች።

ባለቤቴ በረንዳ ላይ ይታሰር ትላለች። አንዲት ጎረቤታችን የሚያኝካቸውን ዕቃዎች ሚጥሚጣ እንድንቀባ መክረውናል። እኔም ሁለት ጊዜ በተጠቀለለ ጋዜጣ መትቼዋለሁ፤ ጆሮውን ጥሎ ሶፋ ሥር ይገባል፣ በማግስቱ ግን እዚያው ነው። ይህ ከጥርስ የመጣ ነው ወይስ ጠባዩ ነው? መቼስ ያበቃል? ልጄ «አባዬ፣ ለሰው ልትሰጡት ነው እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጥቻለሁ፤ እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

እናት ከአዳማ፦

ወንድሜ፣ በመሶቡ ነገር ከልቤ አዝኛለሁ። እኔ እስካሁን ሦስት ውሾች ከቡችላነታቸው ጀምሬ አሳድጌያለሁ፤ ሦስቱም በዚህ ዕድሜያቸው ቤቱን አኝከውታል። መሶብ ደግሞ ለእነሱ የተለየ ነገር ነው፤ የእንጀራና የወጥ ሽታ የጠገበ፣ ሲነክሱት የሚሰጥ፣ እየተፈለቀቀ የሚወጣ ሣር በመሆኑ ድዱ የሚያሳክከው ቡችላ ከዚህ የተሻለ የሚያገኝ አይመስለኝም። ስለዚህ በእርስዎ ላይ በእልህ ያደረገው አድርገው አይዩት፤ ሊያኝክ ግድ ሆኖበት፣ ያገኘውን አኝኳል።

እኔ ቤት ለውጥ ያመጣው ከዱላው ይልቅ የዕቃው አቀማመጥ ነው። ጫማ በር ላይ መቅረቱ ቀርቶ መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ ካልሲና የልጆች መጫወቻ ወለል ላይ እንዳያድሩ ተደረገ፤ መሶቡ ከቁምሳጥን በላይ ተቀመጠ። ሰው በሌለበት ሰዓት ቡችላው የሚውልበትን ቦታም አጠበብንለት። ከአሮጌ የሕፃን አልጋ የተረፉትን ሁለት ጎኖች አገናኝተን በኩሽናው በኩል አንድ ጥግ ከለልንለት፤ መኝታው፣ ውሃውና የራሱ የሚታኘኩ ነገሮች እዚያ ውስጥ ይሆናሉ። ማሰር አላልኩም፤ እንደ ልቡ የሚዞርበት፣ ነገር ግን የሶፋ እግርና ገመድ የማይደርስበት ቦታ ማለቴ ነው።

ያገኘውን ዕቃ በአፉ ይዞ ሲሮጥ ደግሞ እባክዎ አያባርሩት። የመጀመሪያው ውሻችን ካልሲ ነጥቆ ሲሮጥ ባለቤቴ ተከትሎት ሮጠ፤ ውሻውም ሊነጠቅ መሆኑን ሲያውቅ ካልሲውን እንዳለ ዋጠው። በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም ይዘነው ሄድን፤ እንዲያስመልሰው ተደርጎ ካልሲው በመውጣቱ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ማባረሩን ትተን መለዋወጥ ጀመርን። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጥቂት የተቀቀለ እንቁላል በመዳፌ ይዤ፣ አፍንጫው ሥር አድርጌ ዝም እላለሁ፤ አፉ ሲከፈት «ልቀቅ» እለዋለሁ፣ እንቁላሉን እሰጠዋለሁ፣ ወዲያውም የራሱን ገመድ አቀብለዋለሁ። በሳምንት ውስጥ ቃሉን ብቻ ሰምቶ ይለቅ ጀመር። ልጅዎ አሥር ዓመቷ ስለሆነ ይህን እርስዎ አጠገቧ ሆነው ልታስተምረው ትችላለች፤ ጨዋታውም ትምህርቱም የሷ ሲሆን ደስ ይላታል።

ዘበኛው፦

እኔ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ልጠቁምዎ። እናቶቻችን ልጅ ጡት ሲያስጥሉ እሬት ይቀባሉ፤ እኔም ይህንኑ አስቤ የወንበሮቼን እግሮች እሬት ቀባኋቸው። ውሻዬ አንድ ጊዜ ቀምሶ አፉን እያራገፈ ሄደ፣ ተመልሶም አልነካቸውም። ወጪ የለውም፤ ቢሞክሩት አይጠሉትም።

የእንስሳት ሐኪም፦

እናት ከአዳማ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። የእሬቱን ምክር ግን በቅንነት የቀረበ ቢሆንም ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። እሬት ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ውሻን ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋልም፤ ትንሽ ቡችላ ደግሞ በተቅማጥ የሰውነቱን ፈሳሽ ቶሎ ስለሚያጣ አደጋ ላይ ይወድቃል። የእርስዎ ውሻ ያልተጎዳው አንድ ጊዜ ብቻ በመቅመሱ ነው። ሚጥሚጣም አይመከርም፤ አፉ የተቃጠለ ቡችላ ፊቱን በእግሩ ሲፈትግ ዓይኑ ውስጥ ይከተዋል። መቀባት ግድ ከሆነ አቼቶ በውሃ አቅጥኖ መርጨት ይሻላል። ሽታው ሲጠፋ መድገም ያስፈልጋል፤ ግድ የማይሰጣቸው ውሾችም አሉ።

ወደ ጠያቂው ስመለስ፣ ጥርስም ነው ጠባይም ነው፤ ጠባይ ስል ግን የቡችላነት ጠባይ ማለቴ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። እነዚህ ከሦስተኛው ወር ማብቂያ ጀምሮ መውለቅ ይጀምራሉ፤ ስድስት ወይም ሰባት ወር ሲሞላው 42 ቋሚ ጥርሶች ይኖሩታል። ቦቢ አሁን በዚህ መሐል ላይ ስለሆነ ድዱ ያብጣል፣ ያሳክከዋልም። በሚያኝከው ነገር ላይ ጥቂት የደም ነጠብጣብ ብታዩ አትደንግጡ፤ የወለቁትን ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ስለሚውጧቸው ላታገኟቸውም ትችላላችሁ። ሰባት ወር አካባቢ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሆኖም ብዙዎቹ እስከ አንድ ዓመታቸው ድረስ ማኘክ ይወዳሉ፣ አሁን የለመዱትንም ይዘው ያድጋሉ። የወተት ክራንቻው ሳይወልቅ አዲሱ ከጎኑ ከበቀለ ግን ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ተጠጋግተው ከቆዩ የአፉን ግጥጥም ያበላሻሉ።

ለድዱ ቅዝቃዜ ይረዳዋል። ከአሮጌ ጋቢ ወይም ከፎጣ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ቀድዳችሁ፣ መሐሉን ቋጥራችሁ፣ ውሃ ነክራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት ስጡት። ሲሞቅና ክሩ መላላጥ ሲጀምር ተቀብላችሁ ሌላ መተካት ነው። የቀዘቀዘ ሙሉ ካሮትም ሰው አጠገቡ ሆኖ ሲሰጠው ጥሩ ነው። ለመታኘክ የሚሆን ዕቃ ስትመርጡ በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ጥፍር ትንሽ እንኳ የማይገባበት ነገር የቡችላን ጥርስ ይሰብራል። የደረቀ የበሬ አጥንትና ቀንድ በዚህ ምክንያት አይሆኑም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የበቆሎ ቆረቆንዳ ደግሞ አንጀት ይዘጋል፤ በክረምት በቆሎ ጠብሰን ከበላን በኋላ ቆረቆንዳውን ቡችላ የሚደርስበት ቦታ መጣል በጣም አደገኛ ነው። ቡችላው ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ምግብ ካልፈለገ፣ ሆዱ ከተነፋና ዓይነ ምድር ካልወጣው እስኪነጋ አትጠብቁ።

ከምግብ በኩል ሁለት ነገር ልጨምር። ወጥ የነካው እንጀራ ለውሻ አይሰጥም፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ተቁላልተው እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ሁለተኛ፣ የበሬና የበግ ሳንባና ጉበት በጥሬው ለውሻ መስጠት በአገራችን የተለመደ ነው። በእነዚህ ውስጥ ያለው የውሃ ከረጢት የሚያመጣው ትል ወደ ውሻው ይተላለፋል፣ ከውሻው ዓይነ ምድርም ወደ ሰው፤ ልጅ ያለበት ቤት ይህን አጥብቆ መጠንቀቅ አለበት። በደንብ የተቀቀለ ብቻ ስጡት።

ገመዱን በተመለከተ የቻርጀሩ ጉዳይ ከመሶቡ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ቤታችሁ የሚገባው መብራት 220 ቮልት ነው። ኤክስቴንሽኑን ከሶፋ ጀርባ ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ ስትወጡ ነቅላችሁ ውጡ። ምናልባት ኤሌክትሪክ ቢይዘው ሳትነኩት በፊት ቆጣሪው ላይ አጥፉ። ደህና የሆነ ቢመስል እንኳ ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ ከሰዓታት በኋላ ሊጠራቀም ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ስለ ምቱ፣ ቡችላ ቅጣትን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ጠዋት ስላኘከው መሶብ ማታ ሲመታ የሚማረው የእርስዎ ወደ ቤት መምጣት እንደሚያስፈራ ብቻ ነው። ጆሮውን ሲጥል ጥፋቱን ያወቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ውሾች ይህን ፊት የሚያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣቸው እንጂ ጥፋት ስለሠሩ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ያላጠፉትም ሲቆጧቸው ያንኑ ፊት አሳይተዋል።

በመጨረሻም ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፤ ካልተከተበ ነገ ይዛችሁት ሂዱ። የጠባይ ድንገተኛ መለወጥ፣ የማያቋርጥ ለሃጭ፣ የድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ አለመቻል፣ እንጨትና ድንጋይ እንደ ምግብ መብላት ሲታይ እጃችሁን ወደ አፉ ሳታስገቡ ለሐኪም አሳውቁ። ቡችላ ነው ተብሎ የሚናቅ ንክሻ የለም፤ ያልተከተበ ቡችላ ልጅን ከነከሰ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ያስፈልጋል። የቦቢ ጉዳይ ግን ከነገሩን አኳያ የጥርስና የመሰልቸት ነው።

ከጎሮ፦

በረንዳ ላይ ስለማሰር ብቻ ልናገር፤ እኛ አድርገነዋልና። ውሻችን ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ጎረቤት አዘነብን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሰንሰለቱን ሲያኝክ ክራንቻው ተሰበረ። የሚያኝከው ነገር ተለወጠ እንጂ ማኘኩ አልቀረም። አሁን እኩለ ቀን ላይ ከሕንፃችን አንድ ጡረታ የወጡ አባት መጥተው ያወጡታል፤ እኛም ለዚህ ጥቂት እንከፍላቸዋለን። አራት ወር የሞላው ቡችላ ስምንት ሰዓት ሽንቱን መያዝ እንደማይችልም አስቡ።

የሰሚቱ አባት፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ሆኖናል። በማግስቱ ቦቢን አስከተብነው፤ ክትባቱ አለመሰጠቱን ሳውቅ ልጄ ስንት ጊዜ በጥርሱ እንደተጫረች አስታውሼ ደነገጥኩ። የጫራትንም ለጤና ጣቢያ ነግረን የሚያስፈልገውን አደረግን።

መከለያውን ከአሮጌ የእንጨት መደርደሪያ ሠራሁለት። ጠዋት ስንወጣ የቀዘቀዘውን የጋቢ ቁራጭ እንሰጠዋለን፤ ልጄ ደግሞ ማታ ማታ ንጹሕ የድርቆሽ ፍርፋሪ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ እያፈላለገ እንዲያወጣው ታደርገዋለች፤ ሩብ ሰዓት በዚያ ሥራ ከቆየ በኋላ እዚያው ይተኛል። በ6 ሰዓት የጎረቤታችን ልጅ ወደ ሕንፃው ግቢ ታወርደዋለች። ጋዜጣውን ትቻለሁ፤ ወደ ቤት ስገባ ሶፋ ሥር መደበቁን የተወው ገና ባለፈው ሳምንት ነው። የመኝታ ቤቱን በር ጠርዝ ግን አሁንም ማታ ማታ ያኝካል፤ አቼቶውም አላስቆመውም፤ ለጊዜው በሩ ሥር ያለውን በቆርቆሮ ሸፍኜዋለሁ።

መሶቡን ለእናቴ ወስጄ አሳየኋት። ክዳኑን አገላብጣ አየችና፣ ጠርዙን እሷ እየነገረቻት የጎረቤቷ ልጅ እንድትሰፋው ተስማሙ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ልጄ ከጋቢው ቁራጭ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥርስ አገኘች። የራሷ የወተት ጥርስ ሲወልቅ አያቷ ቤት ጣራ ላይ ወርውራው ስለነበር፣ የእሱንም መሶቡን ልናመጣ ስንሄድ እዚያው ልትወረውረው በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።