የደብረ ብርሃን ብርድ ለሶላር ይመቻል ወይ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። መብራት በየጊዜው ስለሚቆራረጥብን ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤቴ ጣሪያ ላይ ሶላር ለማስተከል አስቤአለሁ። ጎረቤቶቼ ግን ሶላር የሚያዋጣው እንደ ሸዋ ሮቢት ላለ ቆላ እንጂ ውርጭ ለሚጥልበት አገር አይደለም ይሉኛል። ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለማቀዝቀዣ፣ ከተቻለም ለእንጀራ ምጣድ የሚበቃ ኃይል ይገኝ ይሆን?

መልስ 1፦
ጎረቤቶችዎ ብርሃንንና ሙቀትን አንድ አድርገው ስላዩት ነው። ፓነል ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ከብርሃን ሲሆን፣ ሙቀት እንዲያውም ጠላቱ ነው። በላዩ የተጻፈው ዋት የተለካው ፓነሉ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳለ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲግል ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ የሚሆነውን አቅሙን ያጣል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን በዚህ በኩል ከቆላው ትሻላለች። ፓነሉን ከቆርቆሮው ጋር አያጣብቁት፤ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ክፍተት ይተዉለት። ፊቱን ወደ ደቡብ አድርገው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብሉት፤ በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ ወደ ሰሜን ብታዘነብልም ያን ጊዜ ሰማዩ በአብዛኛው ደመና ስለሆነ የሚቀርብዎ ጥቂት ነው።

መልስ 2፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ምጣዱን ግን ከሐሳብዎ ያውጡት። የቤት ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢጋገርበት 3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። አንድ የ400 ዋት ፓነል ግን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ አግኝቶ፣ በሽቦ፣ በባትሪና በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ በሚለውጠው መሣሪያ) የሚባክነው ሲቀነስ፣ በቀን 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጥ ነው። ይህ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለአነስተኛ ማቀዝቀዣ በበጋ ሊበቃ ይችላል። ለክረምቱ ሁለተኛ ፓነል ቢጨምሩ ይሻላል፤ ሻጭ የሚያሳይዎት ስሌት ሁልጊዜ የጥር ፀሐይ ነውና ስለ ነሐሴ ሳይጠይቁ አይግዙ። ማቀዝቀዣው ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ኢንቨርተሩ ይህን መሸከም አለበት።

መልስ 3፦
ብርዱ የሚያሳስበው ለባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ከተሞላ ስለሚበላሽ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደጅ አይደር፤ ጓዳ ውስጥ ያስቀምጡት። ተራውን የእርሳስ ባትሪ ከመረጡ ደግሞ ሙሌቱን ከግማሽ በታች እንዳያወርዱት። ፓነሉ ሃያ ኪሎ ያህል ስለሚመዝንና ነፋሱም ስለሚያነሳው፣ ቤቱ የቆየ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመው የጣሪያውን እንጨት በአናጢ ያስፈትሹ።