«ቅንጦት ነው» ስለተባለው የምርምር ርዕስ

የማራኪው፦
ትናንት የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የአክስቴ ልጅ እዚሁ ጎንደር ኤሌክትሪካል ምህንድስና ይማራል፣ ተመራቂ ነው። ለመመረቂያ ሥራው «ከሰው አንጎል ውስጥ የተቀዳ የነርቭ ሴል ሲግናል ላይ ልሥራ» ብሎ ጠየቀ። ልቡን የነካው የሮድሪጎ ኪያን ኪሮጋ ታሪክ ነው። ሰውዬው አርጀንቲናዊ ነው። ቦነስ አይረስ ፊዚክስ ተማረ፣ ከዚያ ጀርመን ሉቤክ ሄዶ በ1998 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ዶክትሬቱን ያዘ። ያኔ የሚሠራው በኢኢጂ ላይ ነበር፤ ከራስ ቅል ውጭ የሚቀዳውን የአንጎል ሞገድ በሒሳብ ይፈታ ነበር። ኋላ አሜሪካ ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ገባና የአንድ ነጠላ ሴል ምልክት ፍለጋ ጀመረ። ልጁ ይህን ሁሉ አስረድቶ ሲጨርስ አማካሪው «ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ ሌላ ርዕስ አምጣ» አለው። እስቲ ፍረዱኝ። ቅንጦት?

የአዘዞዋ ነርስ፦
እኔ ከአማካሪው ጋር ነኝ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከጭልጋ ድረስ ተጭኖ መጥቶ ፌኖባርቢታል የለም ተብሎ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ፌኖባርቢታል እኮ የድሃ መድኃኒት ነው፣ ከሁሉም ርካሹ። እሱ በጠፋበት አገር የአንድ ሴል ድምፅ ማዳመጥ ቅንጦት ካልሆነ ምን ልበለው?

ሒሳብ አስተማሪው፦
እህቴ፣ ያየሽው እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። ግን ያ ምርምር የተሠራው በማን ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንቺ በምታክሚያቸው ዓይነት ሰዎች ላይ ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ በመድኃኒት አይቆምለትም። ከእነሱ አንዳንዶቹ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብላቸው ግርሻው፣ ማለት የሚጥላቸው ነገር፣ ከየት እንደሚነሳ ለማወቅ አንጎላቸው ውስጥ ኤሌክትሮድ ይገባል። ግርሻው እስኪመጣ ሆስፒታል ተኝተው ቀናት ይጠብቃሉ። ኢዝሃቅ ፍሪድ የሚባለው የሎስ አንጀለስ ቀዶ ሐኪም በኤሌክትሮዱ ጫፍ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ጨመረበት። ታማሚው ፈቃደኛ ሲሆን በዚያ የጥበቃ ጊዜ ፎቶ እያሳዩ የነጠላ ሴሎችን ምልክት ይቀዳሉ።

የፒያሳው፦
እንግዲህ በሉ! ራሳችሁ ተናገራችሁት። ሽቦውን ያስገባው ሐኪሙ ነው። ታዲያ የፊዚክሱ ሰው ስም ለምን ይጮሃል?

ሒሳብ አስተማሪው፦
ሽቦው የሚያመጣው ጥሬ ጩኸት ስለሆነ ነዋ። ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆመህ አስበው። መቶ ሰው ባንዴ ያወራል። አንተ የምትፈልገው የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ ነው። ሽቦውም እንደዚያ ነው፤ በአካባቢው ያሉ ሴሎች ሁሉ ተደባልቀው ይገቡበታል። የአንድ ሴል ምት፣ ማለት የሚልከው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ነው የሚቆየው። መጀመሪያ ከ300 እስከ 3000 ኸርዝ ያለውን ታጣራለህ። ከዚያ ወለል ታበጃለህ፣ ከወለሉ በላይ የዘለለው ምት ነው ትላለህ። ወለሉን በተለመደው የመበታተን መለኪያ፣ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ካወጣኸው ግን ትሳሳታለህ። ትልልቆቹ ምቶች ራሳቸው ቁጥሩን ያሳብጡታል፣ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ትንንሾቹ ምቶች ይጠፋሉ። ኪሮጋና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ የሲግናሉን ቁጥሮች የመቀነስ ምልክታቸውን ጥሎ መካከለኛውን፣ ሚዲያኑን ይወስዳል። ሚዲያኑን ለ0.6745 ታካፍላለህ፣ በ4 ታባዛለህ፣ አለቀ። ምቱ ቢበዛም ወለሉ ብዙም አይናወጥም። ቀጥሎ እያንዳንዱን ምት በዌቭሌት፣ ማለት ሞገድን ወደ ትንንሽ ሞገዶች በሚበትን ስሌት፣ ትፈታና በቅርጹ ትመድበዋለህ፤ ይሄ የዚህ ሴል ነው፣ ያ የዚያኛው ነው ትላለህ። ይህ ካልተሠራ የሐኪሙ ሽቦ ዝናብ የዘነበበት ሬዲዮ ነው።

የማራኪው፦
ውጤቱንም ንገራቸው እንጂ መምህር። በ2005 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣውን። አንድ ሴል ተዋናይቷን ጄኒፈር አኒስተንን ሲያይ ይመታል። ፎቶው ከየትም አቅጣጫ ይነሳ፣ ይመታል። ሌላ ታማሚ ላይ ደግሞ የሌላዋን ተዋናይት የሃሊ ቤሪን ፎቶ ሲያይ የሚመታ ሴል ተገኘ። ስሟን በፊደል ጽፈው ሲያሳዩትም መታ! ፎቶና ፊደል በመልክ ምን ያገናኛቸዋል? ሴሉ የሚይዘው መልኩን ሳይሆን ሴትዮዋን ራሷን ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። መርሳት ይዟት የእናቴን ፊት አታውቀውም ነበር፤ ድምጿን ስትሰማ ግን «ልጄ» ትላለች። ይህን መጠየቅ ቅንጦት ነው?

የአዘዞዋ ነርስ፦
ነፍሳቸውን ይማር፣ አያትህን። ግን «ቅንጦት»ን ስሜት አታድርገው። እኔ ያልኩት ቅደም ተከተል ነው። የጎንደሩ ትምህርት ቤት በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን፣ ማለት የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነው። ገጠር የሚወርድ ሰው ነው ያፈራው። ስማችን የተሠራው በዚያ ነው፣ እኔም የምኮራው በዚያ ነው። አሁን ልጆቻችን ገጠር መውረድ ትተው የተዋናይት ፎቶ ይቆጥራሉ?

የፒያሳው፦
ጎሽ! «የተዋናይት ፎቶ»። በቃ ይሄ ነው።

የቀበሌ 18ቷ፦
ምኑ ነው በቃ? የሚታወቅ ፊት ስለተፈለገ ነው የተዋናይት ፎቶ ያሳዩት። እዚህ ቢሠራ የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ያሳዩ ነበር። ሹሩባውን አይቶ የማያውቃቸው ማን አለ? ነገሩን ለማቃለል አንድ ቃል አትምዘዙ።

የአዘዞዋ ነርስ፦
አላቀለልኩም። ሰው አእምሮ ውስጥ ሽቦ ተከትቶ መጫወቻ ሲሆን ያመኛል፣ እሱን ነው።

ሒሳብ አስተማሪው፦
መጫወቻ አይደለም። ሽቦው ለምርምር ተብሎ አይገባም፤ ቦታውንም የሚወስነው ሕክምናው ነው። ታማሚው «ዛሬ ደክሞኛል» ካለ ሥራው ይቆማል። ይህን ሳትለዪ «መጫወቻ» ማለትሽ ደግ አይደለም።

እናት ከአራዳ፦
ልጆቼ፣ በእግዚአብሔር። የኔ ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ታሟል። ጠበል ወስጄዋለሁ፣ አላፍርበትም። መድኃኒትም ይወስዳል። አንዳንዱ መድኃኒቱን አስጥሉት አለኝ፣ አንዳንዱ ጠበሉን ተይ አለኝ። ሁለቱንም አልተውኩም።

የአዘዞዋ ነርስ፦
እትዬ፣ ደግ አደረጉ። መድኃኒቱን ድንገት ማቆም ከባድ ግርሻ ያመጣል። ጠበሉን እየጠጣ ክኒኑን ይዋጥ። ማንም አያስጥልዎ።

የፒያሳው፦
ጠበሉን እንኳን ለሐኪም ለቄስም አታስነኩ እትዬ። ግን ርዕሱ ይሄ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ልጁ ዳታውን በምን ያወርደዋል? 64 ሽቦ ነው እንበል። በሰከንድ 30 ሺህ ናሙና፣ እያንዳንዱ ሁለት ባይት። አስሉት። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ 14 ጊጋባይት ነው። በዚህ ኔትወርክ? መብራት ሄዶ መጥቶ?

ሒሳብ አስተማሪው፦
ስሌትህ ልክ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን ጥሬው ሁሉ አያስፈልገውም። ለመፈተሻ ተብለው በነፃ የተለቀቁ ሰው ሠራሽ ሲግናሎች አሉ፣ ከእነሱ ይጀምራል። ትክክለኛው መልስ አብሮ ስላለ ዘዴው የት እንደሳተ ያያል። ሶፍትዌሩም በነፃ ነው።

የፒያሳው፦
ሶፍትዌሩ በነፃ ነው፣ የሚሄደው ግን በማትላብ ነው። ማትላብ በነፃ ነው?

ሒሳብ አስተማሪው፦
አይደለም። ስለዚህ በነፃ በሚገኘው በፓይተን ይጻፈው። የወለሉ ስሌት አሥር መስመር አይሞላም። ራሱ ሲጽፈው ይገባዋል፣ ይሄ ነው ትምህርት ማለት።

የቀበሌ 18ቷ፦
እኔ የምለው ደግሞ ይሄን ነው። ያን ማጣሪያ የተማረ ልጅ ነገ የልብ ምት ማሽን ያስተካክላል፣ ኢኢጂ ያነባል። ሒሳቡ ዘመድ ነው። ኪሮጋም ራሱ ከኢኢጂ ነው ወደ ሴል የሄደው። የኛ ልጅ መንገዱን ገልብጦ ከሴል ወደ ኢኢጂ ቢመለስ ማን ይጎዳል? ገጠር ለምትወርደው ነርስ በስልክ የሚሠራ ቀላል ማንበቢያ ቢያበጅላትስ?

የአዘዞዋ ነርስ፦
እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አማካሪውም እምቢ አይለውም ነበር። ልጁ የጠየቀው እኮ የአንድ ሴል ምት ነው።

የማራኪው፦
እና ምት ለመጠየቅ መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ አለበት? ሁልጊዜ «ለገጠር ይጠቅማል» የሚል ወረቀት ካልያዘ አእምሮውን መጠቀም አይችልም? የፋሲል ግንብ ሲሠራ ድሃ አልነበረም?

የአዘዞዋ ነርስ፦
ግንቡን ተወው። ግንቡን የሠራው ንጉሥ ነው፣ የልጁን ትምህርት የሚከፍለው የጭልጋው ገበሬ ነው።

የፒያሳው፦
ግንቡንስ የከፈለው ማን ሆነና?

የማራኪው፦
ርዕስ ማስገቢያው ዓርብ ነው። መምህር፣ ልጁን ወደ እርስዎ ብልከው አሥሯን መስመር አብራችሁ ታዩለታላችሁ?

ሒሳብ አስተማሪው፦
ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ ይምጣ። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጎ ይምጣ።

የአዘዞዋ ነርስ፦
ይሂድ። እኔ ግን ቃሌን አላነሳሁም።