በአዲስ ከተማ ሰው ማጣት፦ የጎደለኝ ጓደኛ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ጠያቂ፦

ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ፤ ወደዚህ ከተማ ለሥራ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሥራው እንደጠበቅሁት ነው፤ ቤቱም ይስማማኛል፤ ስለዚህ የምማረርበት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በመሥሪያ ቤታችን አንድ ቅጽ እንድሞላ ተሰጠኝና ስሜንና አድራሻዬን አስፍሬ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የምጽፈው ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ግን ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ የሚርቁ ናቸው። በመጨረሻ የእህቴን ስም ጻፍሁ። ጸሐፊዋ ቅጹን አይታ «እዚሁ ከተማ ያለ ሰው የለዎትም?» ብላ ስትጠይቀኝ ለምን እንዳፈርሁ እስካሁን አልገባኝም።

ከቀድሞ ጓደኞቼ ጋር በየሁለት ቀኑ ማታ ማታ በስልክ እንጫወታለን፤ ይሁን እንጂ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቤቱ ይበልጥ ጭር ይልብኛል። የሥራ ባልደረቦቼም መልካም ሰዎች ናቸው፤ ምሳ አብረን እንበላለን፤ ከበር ከወጣን ግን ሁሉም በየፊናው ነው። ይህ ስሜት ቀን ሲገፋ በራሱ የሚለቅ ነው ወይስ እኔ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ? ለቀድሞ ጓደኞቼ እንዲህ አዘውትሬ መደወሌስ አዲስ ሰው እንዳልለምድ እያደረገኝ ይሆን?

መላሽ 1፦

እህቴ፣ እኔም በሥራ ምክንያት ሦስት ከተማ የቀየርሁ ሰው ስለሆንሁ ያንን መስመር አውቀዋለሁ። ስለ ብቸኝነት ለብዙ ዓመታት ያጠናው ጆን ካሲዮፖ ስሜቱን ከረኀብና ከጥም ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ረኀብ ምግብ እንድንፈልግ እንደሚያስገድደን ሁሉ ብቸኝነትም ወደ ሰው እንድንሄድ የሚገፋን ምልክት ነው ማለቱ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ በቅጹ ማፈርዎ የራበው ሰው በመራቡ እንደሚያፍረው ያለ ነው።

የስልኩ ነገር ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ሮበርት ዌይስ የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ብቸኝነትን በሁለት ከፍሎ ነበር፤ አንደኛው ምስጢር የሚያካፍሉት የልብ ሰው ሲታጣ የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በዙሪያችን የሚያውቁን ሰዎች ሲጠፉ የሚሰማን ነው፤ አንደኛው የሌላውን ቦታ አይሞላም። እርስዎ የልብ ሰው አላጡም። ያጡት ሳይቀጣጠሩ መንገድ ላይ የሚያገኟቸውን፣ ስልካቸውን እንኳ የማያውቁትን፣ ነገር ግን ሁለት ቀን ቢጠፉ መጥፋትዎን ልብ የሚሉትን ሰዎች ነው። ይህን ክፍተት የቱንም ያህል ጣፋጭ ጨዋታ በስልክ ሊሞላው ስለማይችል ስልኩ ሲዘጋ ጭርታው ጎልቶ ይሰማል።

በራሱ ይለቅ እንደሆነ ለጠየቁት፣ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት የሚጠቅምዎት ይመስለኛል። ጥናቱ በቅርቡ ቦታ የቀየሩ ሰዎችንና አዲስ ገቢ ተማሪዎችን የተመለከተ ሲሆን፣ ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ወዳጅነት ለመሸጋገር ወደ 50 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጓደኝነት 90 ሰዓት ያህል፣ ወደ ልብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍን እንደሚጠይቅ ይገምታል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ የሚያገኙት ሰው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። በሥራ ላይ አብሮ የሚያልፈው ሰዓት ደግሞ የዚያን ያህል አይቆጠርም፤ የባልደረቦችዎ ነገር በስምንት ወር ከምሳ ያላለፈው በእነርሱ ወይም በእርስዎ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቀን ብቻውን አያድንም፤ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ተመሳሳይ ሰዎች የሚገኙበትን አንድ ቦታ መርጦ አለመቅረት ግን ያድናል። ትምህርት ይሁን፣ ስፖርት ይሁን፣ በጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ለእኔ ልዩነት የለውም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚካሄዱ የመተዋወቂያ ዝግጅቶችን ግን አልመክርም፤ ሞክሬያቸው ከሠላሳ ሰው ጋር ተጨባብጬ አንድም ስም ሳልይዝ ተመልሻለሁ።

መላሽ 2፦

ልጄ፣ እኔ ጥናት አላውቅም፤ ነገር ግን ወደዚህ ሰፈር በገባሁ ጊዜ ሰው ላለማስቸገር ብዬ ስንቱን ነገር ለብቻዬ እንደታገልሁት ትዝ ይለኛል። መጋረጃ ለመስቀል ወንበር በወንበር ላይ ደርቤ ስወጣ ልወድቅ ስል ተረፍሁና የጎረቤቴን በር አንኳኩቼ መሰላል ለመንሁ። ስመልስላት በር ላይ ቆመን ግማሽ ሰዓት አወራን፤ በሳምንቱ እርሷ ደግሞ መሰርሰሪያ ፈልጋ መጣች። ዛሬ የቤቴ ትርፍ ቁልፍ እርሷ ዘንድ ነው። ሰውን አለማስቸገር ጨዋነት ይመስላል እንጂ በር ይዘጋል፤ አንቺም ትንሽ ነገር ተበደሪ።

መላሽ 3፦

ከመላሽ 1 ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጓደኝነትን በሰዓት መስፈር ሰውን ከወዲሁ ያደክማል የሚል ስጋት አለኝ። ይልቁንስ መላሽ 2 ያነሡት ጉርብትና ሊናቅ አይገባም። እነ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ ግቢ ማን ከማን ጋር እንደተወዳጀ ሲመረምሩ፣ ይበልጥ የሚወስነው የጠባይ መመሳሰል ሳይሆን የበሮቹ መቀራረብ ሆኖ አግኝተውታል፤ በደረጃው አጠገብ የሚኖሩት እንኳ ላይኛው ፎቅ ካሉት ጋር በቀላሉ ይወዳጁ ነበር።

ስለ ስልኩ፣ ጥሪውን አይተዉ፤ ሰዓቱን ይቀይሩት። እኔ ለአንድ ዓመት ያህል ከቀድሞ ጓደኞቼ ጋር የማወራው ሰዎች ከሥራ ወጥተው በሚሰባሰቡበት ሰዓት ነበር፤ «ነይ እንውጣ» ስባልም «ስልክ እጠብቃለሁ» እያልሁ እቀር ነበር። ጥሪውን ወደ ቅዳሜ ጠዋት ካዛወርሁት በኋላ ማታዬ ነጻ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ማታዎች ግን ከባድ እንደነበሩ አልደብቅዎትም።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ማታው ጥሪ የተጻፈውን ሳነብ ባልደረቦቼ ሁለት ጊዜ አብሬያቸው እንድወጣ ጠይቀውኝ በዚያው ምክንያት እንደቀረሁ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልጠየቁኝም። ነገ በምሳ ሰዓት እኔው እጠይቃቸዋለሁ። እናቴ፣ እርስዎ ስለ መሰላሉ ያሉትን ካነበብሁ በኋላ ደግሞ የፊት ለፊት ጎረቤቴን ስም እንደማላውቀው ልብ አልሁ። ባለፈው ወር ለእርሷ የመጣ ጥቅል በስሕተት እኔ ዘንድ ደርሶ ነበር፤ በሩ ሥር አስቀምጬው ሳላንኳኳ ተመለስሁ። ጥቅሉ ላይ ስሟ ተጽፎ ነበር፤ አላነበብሁትም።